ስለ ደም ቧንቧ ጥበት ሳይሆን ስለ ግድግዳው ጽናት እናስብ

በልቅሶ ቤት ተቀምጦ የሚነገረውን ያልሰማ ከመካከላችን የለም። «ኧረ ትናንት ማታ አብረን ራት በልተናል!» ይላል አንዱ። «ራሴን እንኳ አመመኝ ብሎ አያውቅም ነበር» ይላል ሌላው። ከዚያም ነገሩ ወደ ምክንያት ፍለጋ ያመራና አንዱ መጋኛ መታው፣ አንዱ ምች ነው፣ አንዱም የሰው ዐይን ነው እያለ እንደየእምነቱ ይፈርዳል። ፊደል የቆጠረው ደግሞ «ልቡ ቀጥ አለች» ብሎ ነገሩን የፈታው መስሎት ዝም ይላል። ነገር ግን ልብ ቀጥ አለች ማለት ሰውዬው ሞተ ማለት እንጂ በምን እንደ ሞተ ማስረዳት አይደለም።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገለጠው በ2019 ዓ.ም. ብቻ 17.9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በልብና በደም ቧንቧ በሽታ ሞተዋል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከአራት እጅ ሦስት እጅ የሚበልጠው ሞት የደረሰውም ገቢያቸው አነስተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች ነው። እንግዲህ ይህ የባለጸጎች በሽታ ነው፣ እኛን አይመለከተንም የሚለው አነጋገር የሚያዋጣ አይደለም። የጥንት ሰዎች እንኳ አላመለጡትም። በ2013 ዓ.ም. የታተመ አንድ ምርመራ ከግብጽ፣ ከፔሩና ከሰሜን አሜሪካ የተገኙ 137 የደረቁ ጥንታዊ ሬሳዎችን በራጅ መሣሪያ ተመልክቶ፣ ከሦስቱ በአንዱ ላይ የዚህን በሽታ ምልክት አግኝቷል።

ነገር ግን ዛሬ ልናገር የተነሣሁት በሽታውን ስለማያውቁት ሳይሆን እናውቀዋለን ስለሚሉት ነው። የተማረው ወገን በሐሳቡ የያዘው ሥዕል አንድ ነው፤ የደም ቧንቧ እንደ ቤት የውሃ ቧንቧ ነው፣ ስብ እየተጋገረበት ይጠባል፣ በመጨረሻም ይደፈናል፤ መፍትሔውም ቆሻሻውን ጠርጎ ቧንቧውን ማስፋት ነው የሚል ነው። ይህ ሥዕል ለአእምሮ የሚቀል ቢሆንም እውነቱን በግማሽ ብቻ የያዘ ነው። በግማሽ እውነት ላይ የተመሠረተ ውሳኔ ደግሞ፣ በተለይ ውሳኔው የሕዝብ ገንዘብ የሚወጣበት የሆነ እንደ ሆነ፣ ብዙ ነፍስ ያስከፍላል። በበኩሌ የምለው ይህ ነው፤ ሰውን በድንገት የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ የቧንቧው ጥበት ሳይሆን በቧንቧው ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ነገር አለመጽናቱ ነው። የሚያጸናውና የሚያፈርሰውም በዋናው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው የደሙ አካሄድ፣ ሁለተኛው ሰውነታችን ለመከላከያ ያሰለፋቸው የገዛ ራሱ ወታደሮች ናቸው።

የቧንቧው ሥዕል እንዴት እንደ መጣ አስቀድመን እንይ። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ16ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ በፍሎሬንስ ከተማ መቶ ዓመት ሞልቶኛል ይል የነበረ አንድ ሽማግሌ ሲሞት ሬሳውን ገልጦ መርምሮ ነበር፤ የልቡም ቧንቧዎች ደርቀውና ጠበው እንዳገኛቸው ጽፏል። በ1904 ዓ.ም. ፌሊክስ ማርሻንድ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ለበሽታው «አቴሮስክሌሮሲስ» የሚል ስም አወጣለት። ቃሉ የተጣመረው ከሁለት የግሪክ ቃላት ነው፤ አንደኛው እንደ አጥሚት ያለ ቀጭን ገንፎ ማለት ሲሆን ሁለተኛው ድርቀት ማለት ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ከውጭ ደረቅ፣ ከውስጥ ግን አጥሚት የመሰለ ነገር በዐይኑ ስላየ ነው። በ1913 ዓ.ም. ደግሞ ሩሲያዊው ኒኮላይ አኒችኮቭ በሴንት ፒተርስበርግ ጥንቸሎችን ኮሌስትሮል እየመገበ ይህንኑ በሽታ ሊፈጥርባቸው ቻለ። በ1977 ዓ.ም. አንድሬያስ ግሩንትዚግ በዙሪክ ከተማ በቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ፊኛ ወደ ልብ ቧንቧ አስገብቶ በመንፋት የጠበበውን አሰፋ። ከዚያ ወዲህ ስቴንት የሚባለው፣ እንደ ወንፊት የተሠራው የብረት ቱቦ መጣና ሥዕሉ የተሟላ መሰለ፤ ጠበበ፣ ሰፋ፣ ዳነ ተባለ።

ይሁን እንጂ ሥዕሉ ብዙም ሳይቆይ ይሰነጠቅ ጀመር። በ1988 ዓ.ም. የአሜሪካ ሐኪሞች ድንገተኛ የልብ ሕመም ከደረሰባቸው ሰዎች መካከል፣ ቀደም ሲል የልብ ቧንቧቸው በራጅ ተነሥቶ የነበሩትን ፈልገው አሮጌውን ሥዕል ከአዲሱ ጋር አስተያዩት። አዲስ የተደፈነ ቧንቧ ከተገኘባቸው 29 ሰዎች በ19ኙ ላይ፣ ኋላ የተደፈነው ቧንቧ በፊተኛው ሥዕል ላይ ግማሹን ያህል እንኳ አልጠበበም ነበር። ማለት ሐኪም ቢያየው «ይህ የሚያሳስብ አይደለም» ብሎ የሚያልፈው ነበር። እርግጥ ነው፣ አንድ ለአንድ ቢወዳደር በጣም የጠበበው ስፍራ የበለጠ ያሰጋል፤ ነገር ግን ያልጠበቡት በቁጥር እጅግ የበዙ ስለ ሆኑ አደጋው ከእነርሱ ይበዛል።

ሁለተኛው ስንጥቅ የመጣው ከመድኃኒት በኩል ነው። በ1994 ዓ.ም. በስካንዲናቪያ አገሮች 4,444 የልብ ሕመምተኞች ለሁለት ተከፍለው እኩሌቶቹ ሲምቫስታቲን የሚባለውን ኮሌስትሮል ቀናሽ መድኃኒት፣ የቀሩትም መድኃኒት የሌለበት ክኒን ከአምስት ዓመት በላይ ሲወስዱ ቆይተው፣ መድኃኒቱን በወሰዱት ዘንድ ሞት በ30 በመቶ መቀነሱ ታወቀ። ነገሩን እንግዳ የሚያደርገው፣ በሌሎች ምርመራዎች እንደ ታየው፣ የዚህ ዓይነት መድኃኒት ቧንቧውን የሚያሰፋው እጅግ በጥቂቱ፣ ዐይን ሊለየው በማይችል መጠን መሆኑ ነው። ቧንቧው ሳይሰፋ ሞቱ ከቀነሰ እንግዲህ የተለወጠው ምንድን ነው?

ሦስተኛውን ስንጥቅ ያመጣው ራሱ ስቴንቱ ነው። በ2007 ዓ.ም. 2,287 ሰዎች፣ በ2020 ዓ.ም. ደግሞ 5,179 ሰዎች የተሳተፉባቸው ሁለት ታላላቅ ምርመራዎች ታትመው ነበር። ሕመማቸው ባልተባባሰ ሰዎች ላይ ከመድኃኒት በተጨማሪ ቧንቧውን ማስፋት የደረት ሕመምን ያስታግሣል እንጂ በጠቅላላው ሞትን እንደማይቀንስ ሁለቱም አሳዩ።

እነዚህን ሦስት ነገሮች የሚያስታርቃቸው ወደ ግድግዳው ውስጥ መመልከት ነው። ፕላክ የሚባለው የስብ ክምችት በቧንቧው ውስጥ እንደ ዝገት ከላይ የተለጠፈ አይደለም፤ በግድግዳው ውስጥ፣ ከውስጠኛው ገበር ሥር የተቀበረ ነው። ለአገራችን ሰው ከዝገት ይልቅ ብጉንጅ ይመስልለታል። ብጉንጅ ሁሉ እንደማይፈነዳ የታወቀ ነው። ቆዳው የወፈረ እንደ ሆነ ለብዙ ጊዜ ተቀምጦ ይደርቃል፤ ቆዳው የሳሳ እንደ ሆነ ግን ትንሽ ቢሆንም በቀላል ንክኪ ይፈርጣል። ፕላክም እንዲሁ ነው። ከመካከሉ አጥሚት የመሰለው ስብና የሞቱ ሕዋሳት ክምር አለ፤ ከላዩም ኮላጅን በሚባለው ጠንካራ ክር የተሸመነ ክዳን አለ። ክዳኑ ከወፈረ ሰውዬው በሰባ ዓመቱም ዳገት ሲወጣ ደረቱን ይዞት ያርፍ ይሆናል እንጂ በድንገት የመሞት አደጋው ያነሰ ነው። ክዳኑ ከሳሳና ከተቀደደ ግን ውስጡ የነበረው ነገር ከደሙ ጋር ይገናኛል፤ ደሙም ቁስል የተከፈተ መስሎት ወዲያው ይረጋል። የረጋው ደም ቧንቧውን በደቂቃዎች ውስጥ ይዘጋዋል። የልብ ከሆነ ልብን፣ የአንጎል ከሆነ አንጎልን ያደርቃል። በ1997 ዓ.ም. በድንገት የሞቱ ሰዎችን ልብ የመረመሩ ሐኪሞች እንደ ገለጡት፣ የተቀደደው ክዳን ውፍረቱ ከሚሊሜትር ሺህ እጅ 65 እጅ አይሞላም ነበር። ይህም የአንዲት የራስ ጠጉር ውፍረት ያህል ነው። የሰው ሕይወትና ሞት የሚለዩት በዚህች ጠጉር ነው።

ታዲያ የአንዱን ክዳን የሚያሳሳው፣ የሌላውን የሚያወፍረው ምንድን ነው? አስቀድመን የደሙን አካሄድ እንመልከት።

ልባችን በቀን መቶ ሺህ ጊዜ ያህል እየመታች በየደቂቃው አምስት ሊትር ያህል ደም ትገፋለች። ይህ ደም በሚያልፍበት ግድግዳ ላይ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ይህ ሁላችንም የምናውቀው የደም ግፊት ነው። ሁለተኛ በላዩ ሲንሸራተት ይፈትገዋል። ፍትጊያው ከግፊቱ ጋር ሲነጻጸር ከሺህ እጅ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ይሁን እንጂ የቧንቧው ገበር የሆኑት ሕዋሳት ይህችን ትንሽ ፍትጊያ ለይተው ያውቋታል። ወንዙ በደህና በሚወርድበት ቀጥ ያለ ስፍራ ሕዋሳቱ በደሙ አቅጣጫ ተሰልፈው፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርበው ይቀመጣሉ፤ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባለውንም አየር እያወጡ ቧንቧውን ያለሰልሱታል፣ ደሙም እንዳይረጋ ይከላከላሉ። የዚህን አየር ሥራ ያገኙት ሦስት አሜሪካውያን ሊቃውንት በ1998 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ነገር ግን ቧንቧ ሁሉ ቀጥ ያለ አይደለም። ቦይ የቆፈረ ገበሬ ውሃው በሚታጠፍበትና በሚከፈልበት ስፍራ እንደሚያዝግ፣ ወደ ኋላም እንደሚዞርና ደለል እንደሚጥል ያውቃል። በአንገታችን ውስጥ ያለው ደም ቅዳ ቧንቧ ሁለት በሚሆንበት፣ የልብም ቧንቧዎች ቅርንጫፍ በሚያወጡበት ስፍራ ደሙ እንዲሁ ያደርጋል። በ1969 ዓ.ም. በለንደን ኮሊን ካሮና ጓደኞቹ በሽታው የሚበቅለው ብዙዎች እንደሚያስቡት ደሙ በኃይል በሚፈትግበት ሳይሆን ፍትጊያው በደከመበት ስፍራ ነው ብለው ጻፉ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ምርመራዎች የእነርሱን አስተያየት አጽንተውታል። ነገሩ ሊያስደንቀን ይገባል። የአንድ ሰው ደም በሰውነቱ ሁሉ አንድ ነው፤ ኮሌስትሮሉም፣ ስኳሩም፣ የሲጋራውም መርዝ በሁሉ ስፍራ ይዞራል። በሽታው ግን በሁሉ ስፍራ አይበቅልም። ፍትጊያ በደከመበት ስፍራ ያሉት ሕዋሳት ሰልፋቸውን ያፈርሳሉ፤ ናይትሪክ ኦክሳይዱን ይቀንሳሉ፤ በመካከላቸውም ስብ ያሳልፋሉ። ከዚህም ይልቅ የሚብሰው፣ በፊታቸው ላይ እንደ መንጠቆ ያለ ነገር አውጥተው በአጠገባቸው የሚያልፉትን ነጭ የደም ሕዋሳት መያዝ መጀመራቸው ነው። ወታደሮቹ ወደ ቤት የሚገቡት በዚህ በር ነው።

የእነዚህን ወታደሮች ሥራ በመጀመሪያ ያስተዋለው ኤልያስ ሜችኒኮቭ ነው። ይህ ሩሲያዊ ሊቅ በ1882 ዓ.ም. በሲሲሊ ደሴት በመሲና ከተማ ሳለ፣ እንደ መስተዋት ጥርት ባለ የባሕር እንስሳ ዕጭ ውስጥ የጽጌረዳ እሾህ ሰካ። በማግሥቱም ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከብበው አገኛቸው። የሚውጡ ሕዋሳት ብሎ ስለ እነርሱ ባስተማረው ትምህርት በ1908 ዓ.ም. ለኖቤል ሽልማት በቃ። እነዚህ ሕዋሳት ባይኖሩ ኖሮ በአንድ እሾህ እንሞት ነበር። በደም ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ግን የሚጠብቃቸው እሾህ ሳይሆን ስብ ነው። ወታደሮቹ ስቡን ይውጣሉ፤ ስቡ ግን የማያልቅ ስለ ሆነ ሆዳቸው በአረፋ እንደ ተሞላ ሆኖ መውጣት አቅቷቸው እዚያው ይቀራሉ። ብዙዎቹም ይሞታሉ። በደህናው ጊዜ የሞተውን ሕዋስ ሌላው ሕዋስ ውጦ ያጸዳዋል። እዚህ ስፍራ ግን ቀባሪው ራሱ ታሟልና ሬሳ በሬሳ ላይ ይከመራል። አጥሚት የመሰለው ክምር እያደገ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ላይ ሌላ ጥፋት ይጨመራል። በሕይወት ያሉት ወታደሮች ኮላጅንን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞችን ይረጫሉ። በቁስል ላይ ይህ ሥራ የተበላሸውን ለማንሣት የሚጠቅም ነው፤ በፕላክ ላይ ግን የክዳኑን ክር ይበጥሳል። ቲ ሕዋሳት የሚባሉት ሌሎች ወታደሮች ደግሞ ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለውን መልእክት እየላኩ፣ ክሩን የሚሸምኑትን የጡንቻ ሕዋሳት ከሥራ ያስቆማሉ። በአንድ በኩል ክሩ ይቆረጣል፤ በሌላ በኩል ሸማኔው ሥራ እንዲፈታ ይታዘዛል። እንዲህ ያለ ክዳን ባይሳሳ ነው የሚገርመው። ደግነቱ ወታደሩ ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ከእነዚሁ ቲ ሕዋሳት ወገን ጠብ የሚያበርዱ አሉ፤ እነዚህ ሲበረቱ ቁጣው ይበርዳል፣ ሸማኔውም ወደ ሥራው ይመለሳል፣ ክዳኑም ይወፍራል። ቅድም ቧንቧው ሳይሰፋ ሞቱ የቀነሰው ለምንድን ነው ብለን የጠየቅነው መልሱ ከዚህ ይገኛል። ስቡ ሲቀነስ ወታደሮቹ የሚቆጡበት ነገር ያጣሉ፤ ፕላኩ ባለበት ይቀመጣል፣ ነገር ግን ይጸናል።

የደሙ አካሄድና ወታደሮቹ ተነጣጥለው የሚሠሩ አለመሆናቸውን የሚያስረዳ አንድ ሙከራ ልጥቀስ። በ2006 ዓ.ም. የታተመ ነው። ተመራማሪዎች ስብ በደማቸው እንዲበዛ ተደርገው የተወለዱ አይጦችን ወስደው፣ በአንገታቸው ቧንቧ ዙሪያ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ እየጠበበ የሚሄድ ቀለበት አጠለቁላቸው። ከቀለበቱ በፊት ደሙ አዘገመ፤ በቀለበቱ ውስጥ ፈጠነ፤ ከቀለበቱ በኋላ እየተሽከረከረ ወደ ኋላና ወደ ፊት ዋለለ። አይጡ አንድ፣ ደሙ አንድ፣ ምግቡም አንድ ነበር። ደሙ በፈጠነበት ስፍራ ፕላክ አልበቀለም። ደሙ በተሽከረከረበት ስፍራ ትንሽና ጽኑ ፕላክ በቀለ። ደሙ ባዘገመበት ስፍራ ግን ትልቅ፣ ስብና ወታደር የበዛበት፣ ክዳኑም የሳሳ ፕላክ ተገኘ።

ነገሩ ግን በዚህ ብቻ አያበቃም። ፕላኩ አድጎ ቧንቧውን ያጠበበው እንደ ሆነ ደሙ በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ፍትጊያውም በዚያ ስፍራ ይበረታል። በ1998 ዓ.ም. ከሰዎች አንገት በቀዶ ሕክምና የወጡ ፕላኮች ሲመረመሩ፣ ደሙ በሚመጣበት በኩል ያለው ወገን ወታደር የበዛበት፣ ደሙ በሚሄድበት በኩል ያለው ወገን ደግሞ ሸማኔ የበዛበት ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ የደከመ ፍትጊያ ብጉንጁን ይወልደዋል፤ የደም ግፊት ደግሞ በየምቱ እየወጠረ የሳሳውን ክዳን ይፈትነዋል። የደም ግፊት መለካት ለምን እንደሚጠቅም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ለእውነት ሲባል አንድ ነገር መጨመር ይገባኛል። የረጋ ደም የሚመጣው ሁልጊዜ ክዳን በመቀደዱ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ክዳኑ ደህና ሳለ ከላዩ ያለው ገበር ብቻ ይላጥና ደሙ በዚያ ላይ ይረጋል። ይህም በሴቶችና ሲጋራ በሚያጨሱ ሰዎች ላይ ተደጋግሞ የታየ ነው። ስለዚህ ወፍራም ክዳን ያለው ሁሉ ተማምኖ ሊያጨስ አይችልም።

አሁን አንድ ብልህ ተማሪ ሊጠይቀኝ ይችላል። «ጥፋቱ የወታደሮቹ ከሆነ ወታደሮቹን ትጥቅ ማስፈታት አይሻልምን?» ይላል። ጥያቄው የሚያስመሰግን ነው፤ ሊቃውንቱም ሞክረውታል። በ2017 ዓ.ም. ውጤቱ በታተመ አንድ ምርመራ፣ ከዚህ በፊት ልባቸውን ከታመሙ 10,061 ተሳታፊዎች መካከል ለብዙዎቹ ካናኪኑማብ የሚባለው፣ ከወታደሮቹ የቁጣ መልእክቶች አንዱን የሚያፍነው መድኃኒት ተሰጠ። ኮሌስትሮላቸው ሳይለወጥ፣ በመካከለኛው መጠን የወሰዱት ሰዎች ሕመም በ15 በመቶ ቀነሰ። የወታደሮቹ ቁጣ በእርግጥ የበሽታው ምክንያት መሆኑ በሰው ላይ ተረጋገጠ። ነገር ግን መድኃኒቱን በወሰዱት ዘንድ በሌላ ተላላፊ በሽታ መሞት በዛ፤ በጠቅላላውም የሞት ቁጥር አልቀነሰም። ዘበኛውን ያሰረ ሰው ሌባ ሲገባበት ሊገረም አይገባውም። ኮልቺሲን የተባለው ርካሽ የሪህ መድኃኒት በ2019 እና በ2020 ዓ.ም. በታተሙ ምርመራዎች ጥሩ ተስፋ ሰጥቶ ነበር፤ በ2024 ዓ.ም. በ7,062 ሰዎች ላይ የተደረገው ምርመራ ግን የልብ ሕመም በያዛቸው ሰዎች ላይ ጥቅም አላገኘበትም። ከዚህ የምንማረው፣ ወታደሩን ከማሰር ይልቅ የሚያስቆጣውን ነገር ማንሣት የሚሻል መሆኑን ነው።

ሌላው ደግሞ «እንግዲያውስ ስቴንት ከንቱ ነው ማለትህ ነውን?» ይለኝ ይሆናል። አይደለም። ክዳኑ ተቀድዶ ቧንቧው በተዘጋበት ሰዓት ፈጥኖ መክፈት ነፍስ ያድናል፤ ይህ የማይካድ ነው። እንዲያውም በ2024 ዓ.ም. በእስያ አገሮችና በኒውዚላንድ በ1,606 ሰዎች ላይ ተደርጎ የታተመ ምርመራ፣ ያሰጋሉ ተብለው የተለዩ ፕላኮችን አስቀድሞ በስቴንት መደገፍ አደጋን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ ምርመራ ግን የተመካው ቧንቧውን ከውስጥ በሚያይ ውድ መሣሪያ ላይ ነው፤ የፈለገውም ጥበቱን ብቻ ሳይሆን አለመጽናቱንም ነው። ስለዚህ የእኔን ሐሳብ ይደግፋል እንጂ አያፈርሰውም።

ይህን ሁሉ ያተትሁት እውቀት ለማሳየት አይደለም። ዛሬ በትምህርት ቤት ወንበር ላይ ያለው ነገ ሐኪም ይሆናል፤ ዛሬ በጸሐፊነት የተቀጠረው ነገ በጀት ይመድባል። በበጀት ጠረጴዛ ላይ ሁለት ወረቀት የሚቀርብበት ቀን መምጣቱ አይቀርም። አንደኛው በትልቅ ከተማ ለሚቆም፣ ሪባን ለሚቆረጥለትና ፎቶግራፍ ለሚነሣ የልብ መሣሪያ የሚሆን ነው። ሁለተኛው በየጤና ጣቢያው ለሚቀመጥ የደም ግፊት መለኪያ፣ ለግፊትና ለኮሌስትሮል ክኒን፣ ክኒኑም በየወሩ ሳይቋረጥ እንዲደርስ ለማድረግ የሚሆን ነው። ሁለተኛው ፎቶግራፍ አይነሣም። ነገር ግን የቧንቧውን ሥዕል ብቻ የያዘ ሹም አንደኛውን ይፈርማል፤ የብጉንጁን ሥዕል የያዘ ግን ከሁለተኛው ይጀምራል። አንደኛው አያስፈልግም አላልሁም፤ ቅደም ተከተሉን ነው የተናገርሁት። መሣሪያው የሚረዳው አንድ ስፍራ የተቀደደበትን አንድ ሰው ሲሆን፣ ክኒኑና መለኪያው ግን በብዙ ሺህ ሰዎች ቧንቧ ውስጥ በያለበት የተቀበረውን ሁሉ ያጸናሉ።

ለራሳችንም ቢሆን እንዲሁ ነው። የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ደረቴን አላመመኝምና ደህና ነኝ ማለት አይገባውም፤ ያልጠበበ ቧንቧ አያምምና። በዓመት አንድ ጊዜ ክንዱን ዘርግቶ ግፊቱን ማስለካት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ልኩ በተደጋጋሚ ከ140 በ90 በላይ የሆነ እንደ ሆነ ሐኪም የሰጠውን መድኃኒት «ተሽሎኛል» ብሎ ማቋረጥ በገዛ ክዳኑ ላይ ምላጭ ማሳረፍ ነው። ሲጋራ የገበሩን ሕዋሳት እየመረዘ ደሙን ለመርጋት ያዘጋጀዋል። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ ሕጉ በወረቀት እንዳይቀር የሚጠብቀው ደግሞ በየቢሮው ያለው ወጣት ሠራተኛ ነው። ጾማችን ከእንስሳት ስብ የሚያሳርፈን መሆኑ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጨው በበዛበት ወጥና በቀን ሙሉ መቀመጥ የጾሙን ዋጋ እንዳናጠፋው ማሰብ ይገባናል። በእግር መሄድም እንዲሁ በከንቱ የሚመከር አይደለም፤ የሚራመድ ሰው ደሙን ያፈጥነዋል፣ ደሙም የቧንቧውን ገበር በደህናው አቅጣጫ ይፈትገዋል። ከቢሮ ወደ ቤት በእግሩ የሚሄድ ሰው የቦዩን ውሃ እያስኬደ መሆኑን ይወቀው።

አበው «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ይህኛው በሽታ ግን ሰው ሳይሸሽገው ራሱን የሚሸሽግ ነው። ስለዚህ እስኪገለጥ ሳንጠብቅ ፈልገን ልናገኘው ይገባናል። እንዲህ የሆነ እንደ ሆነ በልቅሶ ቤት «ትናንት ማታ አብረን ራት በልተናል» የሚለው ቃል ከነጭራሹ ባይጠፋም፣ እየቀነሰ ይሄዳል።